ለሜሮን የተመዘገበው ሽማግሌ

ሽማግሌ ሁሉ አታላይ ነው! አትቆጡ… እኔም ከነሱው አንዱ ነኝ፤ ራሴን ለመስደብ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። ሽማግሌ ማለት በልጅነቱ ሳይጨርስ የተዋቸውን ነገሮች ሁሉ የጨረሰ መስሎ የሚኖር ፍጡር ነው። ዋና የማይችለው ባሕሩን ቆሞ ያይና «የዛሬ ውሃ እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይመለሳል። ፈረንሳይኛ የማይገባው ጋዜጣ ዘርግቶ ራሱን ይነቀንቃል። ማንም ደፍሮ «እስቲ ምን ይላል?» አይለውም። ሽበት ትልቅ ማኅተም ነዋ! የሚመረምረው ሰው እስኪመጣ ድረስ…

የእኔን ማኅተም የመረመሩት አባ ሚሼል ናቸው። ከፈረንሳይ መጥተው እዚህ ጅቡቲ የካቶሊክ ካቴድራል ከተመደቡ ገና አራት ወራቸው ነበር። አራት ወር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሙቀቱ ገና ደንብ አላስረሳቸውም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ ጓደኛዬ ተስፋዬና እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣን ሰሞን ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ተራ ገብተንበት ነው የኖርነው። እሱ የሌሊት ዘበኛ ስለነበር ቀን ይተኛል፤ እኔ ማታ። ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም። ተስፋዬ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «የሳባን ልጅ ክርስትና የምታነሣው አንተ ነህ» አለኝ። ሳባ ልጁ ናት፤ ያኔ ባል እንኳ አላገባችም። «እሺ» አልኩት። ሊሞት ለደረሰ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ዓመታት አለፉ፤ ሳባ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ጨዋ ልጅ አገባችና ወንድ ልጅ ወለደች። ዮናስ አለችው። እኔም ከረባቴን አስሬ አባ ሚሼል ቢሮ ገባሁ።

«የክርስትና አባት ሊሆኑ ነው! ደስ ይላል» አሉኝ በፈረንሳይኛቸው፤ አቶ ዮሴፍ ለማለት ሙሴ ጆዜፍ ነው የሚሉኝ። «ሙሴ ጆዜፍ፣ መቼም ሜሮን ተቀብተዋል?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። በድሬዳዋም በጅቡቲም ሳይ የኖርኩት፣ ሕፃን ይጠመቅና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ትምህርቱን ተምሮ ጳጳሱ ግንባሩን ቅዱስ ሜሮን ይቀቡታል። እሱን ያልተቀባ ሰው የሰው ልጅ ክርስትና አያነሣም። እኔ ደግሞ… ኧረ ለማን ብዬ እደብቃለሁ… እኔ አልተቀባሁም። እኩዮቼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሲሰለፉ እኔ የባቡር ጥገና ቤት ዘይት እጠርግ ነበር። ጨርሰው ሲወጡ ደርሼ ከመካከላቸው ገብቼ ቆምኩ። አብሬ ፎቶ ተነሣሁ። አብሬ ከረሜላ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሳገባ እንኳ!

«እንዴታ!» አልኩ።

«የት?»

«ድሬዳዋ ነዋ። የድሬ ልጅ አይደለሁ?»

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። የድሬ ልጅም አይደለሁም፤ የተወለድኩት ከአዲግራት ወዲያ፣ ተራራ ላይ በተሰቀለች መንደር ነው። ግን አሥር ዓመቴ ላይ ድሬዳዋ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የድሬ ልጅ ነኝ ማለት ያምራል፣ የተራራ ልጅ ነኝ ብትል በዚህ ሙቀት ማን ያምንሃል?

«እንግዲያው ለድሬዳዋ እጽፋለሁ» አሉ አባ ሚሼል።

እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት በወደቡ የትራንዚት ሠራተኛ ነበርኩ! የሰው ዕቃ ከመርከብ ወርዶ ወደ አዲስ አበባ እስኪጫን ወረቀት የማሟላ፣ ስንቱን የከባድ መኪና ሹፌር ፀሐይ ላይ አቁሜ «ወንድሜ፣ አንድ ወረቀት ጎድሎሃል፤ ነገ ተመለስ» ያልኩ ሰው ነኝ። ያ ሁሉ ሹፌር በዚያች ሰዓት ቢያየኝ ክላክሱን በአንድ ላይ ባስጮኸው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። አባ ሚሼል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ሙሴ ጆዜፍ፣ ድሬዳዋ መዝገብ ውስጥ ሜሮን መቀባትዎ የለም።»

«ምናልባት ብል በልቶት…»

«መጠመቅዎም የለም።»

ይኸውላችሁ! ሜሮኔን ልከላከል ሄጄ ጥምቀቴንም ላጣ ነው። ተናዘዝኩ። የተጠመቅኩት ተራራ ላይ ባለችው የእናቴ መንደር እንደሆነ፣ ሜሮን ደግሞ ጭራሽ እንዳልተቀባሁ፣ ስለ ፎቶውና ስለ ከረሜላው ሳይቀር ነገርኳቸው። ስለ ውሸቴ ንስሐ ሰጡኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ መቁጠሪያ ደገምኩ። ለጥምቀት ማስረጃው ወደ ተራራዪቱ መንደር ጻፉ።

«መልሱ እስኪመጣ ጊዜ አናጥፋ» አሉኝ። «ጰራቅሊጦስ ዕለት ጳጳሱ ለልጆቹ ሜሮን ይቀባሉ። ትምህርቱ ዘወትር ዓርብ በሦስት ሰዓት ነው። እርስዎም ይመዘገባሉ።»

«ከአዋቂዎቹ ጋር?»

«ዘንድሮ አዋቂ የለም። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአለምነሽ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ብዙ አየችኝ። «ማለት… እኔን ያገባኸኝ ሳትጨርስ ነው?»

እናም በስድሳ ሰባት ዓመት ተኩሌ ተማሪ ሆንኩ። አስተማሪያችን ማሴር ኦዲል ናቸው፤ የማዳጋስካር መነኩሲት፣ ቁመታቸው እስከ ደረቴ፣ ድምፃቸው ከከተማው ውጪ እስካለችው ናጋድ የሚሰማ። ወንበሮቹ የተሠሩት ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተዋወቀ። ክፍሉ የፈረንሳይ ወታደር ልጆች፣ የኮንጎ ልጆች፣ የእኛም አገር ልጆች አሉበት። «ፓፒ» ይሉኛል፣ አያቴ እንደ ማለት። በመጀመሪያው ቀን ማሴር ስም ሲጠሩ የሁሉንም ጠርተው የእኔ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«የማን አያት ነዎት?»

«የራሴ ነኝ ማሴር። ተማሪ ነኝ።»

ክፍሉ ፈረሰ! ማሴር ግን አልሳቁም። ማሴር አይስቁም። «ወደ ፊት ይምጡ፤ ሽማግሌ ከኋላ ሲቀመጥ ይተኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከፊትም ተኝቻለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ግሬስ የምትባል የኮንጎ ልጅ በክርኗ እየጎሸመች ትቀሰቅሰኛለች። ሲብስባት ደግሞ መልሱን ደብተሯ ጥግ ላይ ትልቅ አድርጋ ጽፋ ወደ እኔ ታዞራለች። መነጽሬን እስክፈልግ ጥያቄው ያልፋል።

በዚህ ላይ ሌላ መከራ አለ። ሜሮን የሚቀባ ሰው ራሱ የክርስትና አባት ያስፈልገዋል! ከኋላው ቆሞ፣ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ለጳጳሱ የሚያቀርበው። ከእኛ አገር ሽማግሌዎች ለዚህ የሚበቃው አንዱ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሌላው ጆሮው አይሰማም። የቀረው ሙሴ አንቷን ነው።

ሙሴ አንቷን እናቱ እንጦንስ ያለችው፣ የፈረንሳይ መኮንኖች ምግብ አብሳይ ሆኖ ኖሮ ስሙን በፈረንሳይኛ አብስሎ የመጣ ሰው ነው። እኔና እሱ ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈናል። ምክንያቱ? ካቴድራሉ ውስጥ በእኛ በኩል ከአንድ ቬንቲላተር፣ ከአንድ ማራገቢያ በቀር ደህና የሚሽከረከር የለም፤ ከሥሩ የሚገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ነው። ጅቡቲን የማታውቁ ትስቁ ይሆናል። ሰኔ ላይ ኑና እንነጋገር።

ቤቱ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አንተ… ሜሮን አልተቀባህም?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«ስድሳ ሰባት ተኩል።»

መጀመሪያ ሳቀ።  ከዚያ ብድግ ብሎ ሸሚዙን ቆለፈና «እሺ ልጄ» አለኝ።

«ልጄ?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? አባትህ ልሆን አይደል?»

በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ! ግን ምን ምርጫ አለኝ? በሚቀጥለው እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ስለሆነ ከሥራ በኋላ ባለው ቅዳሴ ላይ «ልጄ፣ እስቲ ወደዚያ ጠጋ በል» አለኝ፤ ከቬንቲላተሩ ሥር ተነሣሁለት። ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ ለማያውቀኝ ሁሉ «የክርስትና ልጄ ነው፤ ገና ትምህርት ላይ ነው» እያለ ያስተዋውቀኛል። አንዷ ሙዝ ሻጭ አዘነችልኝ መሰለኝ አንድ ሙዝ ጨመረችልኝ። ኮሌታዬን ያስተካክልልኛል። «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኛል። አንድ ቀንማ «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ። በላሁት። ከረሜላ ላይ ደካማ እንደሆንኩ ነግሬያችኋለሁ።

በመሐል ሳባ መጣች፤ ልጁን አቅፋ።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎት… የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ ወረቀቱን አሟልቶ ክርስትናውን እኔ ላንሣ እያለ ነው። ቤተሰቡም ሕፃኑ ከዚህ በላይ ሳይጠመቅ አይቆይም ብለዋል።»

«አባትሽን አስቢ እንጂ ሳባዬ።»

«አባቴን ስለማስብ አይደል አምስት ወር የጠበቅሁት? ግን ከጰራቅሊጦስ ሳምንት አላሳልፍም። ከበዓሉ በኋላ ባለው ዓርብ ይጠመቃል፤ በእርስዎም ይሁን በአጎትየው።»

ዮናስ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለ። የተስፋዬን አፍንጫ ነው የያዘው፤ ያንን ፍራሹን ሞልቶ የሚያንኮራፋውን አፍንጫ። እናንተ፣ ቀልዱ አለቀብኝ። ለሚሞት ሰው የተባለች እሺ ከባድ ናት፤ ባለቤቱ ተመልሶ መጥቶ «ግድ የለም፣ ተወው» ሊልህ አይችልም።

ስለዚህ አጠናሁ። አለምነሽ ማንኪያ ይዛ እያስፈራራች ጠየቀችኝ። ሰባቱ የመንፈስ ቅዱስ ሀብታት በአማርኛ ወጡልኝ፤ በፈረንሳይኛ ግን አንዷ ሁልጊዜ ታመልጣለች። የፈተናው ዓርብ ደረሰ። መብራት ጠፍቷል፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ማሴር ፊታቸው አቆሙኝ። እነ ግሬስ ከኋላ በከንፈራቸው ይነግሩኛል፤ እኔ ግን የሩቅ መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ።

«ጥበብ፣ ምክር፣ ኃይል፣ ዕውቀት፣ የመንፈስ ፍቅር፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር…»

«ስድስት» አሉ ማሴር። «ሰባተኛውስ?»

ጣሪያውን አየሁ። ወለሉን አየሁ።

«ማስተዋል ነው» አሉኝ። «የረሱት ማስተዋልን ነው፣ ሙሴ ጆዜፍ።»

ከዚያ ሌላ አራት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አራቱንም ባልጠየቁኝ ይሻል ነበር። በመጨረሻ በጣም በትሕትና «ዘንድሮ አልደረሱም። ለከርሞ» አሉኝ። ሃያ ሁለት ተማሪ ተፈትኖ የወደቀው አንድ ነው። ግሬስ አለቀሰችልኝ። «አይዞህ ፓፒ፣ ገና ልጅ ነህ» አለችኝ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ!

ለሳባ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ስልክ ደወለ፤ ከአዲስ አበባ ለካቴድራሉ የተላከ ፖስታ ይዟል። የተራራዋ መንደር መልስ! ሄጄ ተቀበልኩት። እንደታሸገ ለአባ ሚሼል አስረከብኩ። ከፈቱት፣ አገላበጡትና መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። የተጻፈው በአማርኛ ነው።

«ያንብቡልኝ።»

አነበብኩ። ሕፃኑ ዮሴፍ በተወለደ በአርባኛው ቀን ተጠመቀ፤ በግዕዙ ሥርዓታችን መሠረትም በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ቅዱስ ሜሮን ተቀባ…

አቆምኩ።

«ምን ይላል?»

«ሜሮን… ተቀብቻለሁ ይላል። ሕፃን ሳለሁ።»

አባ ሚሼል ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «ሙሴ ጆዜፍ» አሉ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን የሚለው ወረቀቱ ነው ወይስ እርስዎ?»

ምን ትፈርዱባቸዋላችሁ? እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን አምናለሁ? አማርኛ የሚያነብ ሌላ ሰው ይጠራ ተባለ። ማን ተጠራ መሰላችሁ? ሙሴ አንቷን! ለጰራቅሊጦስ ያሰፋውን አዲስ ሸሚዝ ሊያሳየኝ ለብሶት ነው የመጣው፤ ቢሮው ውስጥ ገብቶ «ልጄ ምን አጠፋ?» አለ። መውደቄን ገና አልሰማም ነበር።

ደብዳቤውን ሰጡት። ምስክሩ እሱ፣ ተከሳሹ እኔ። አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ በአዲሱ ሸሚዝ ጫፍ ጠረገ፣ እንደገና አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ብቻ ቢዘል ኖሮ፣ የተስፋዬን የልጅ ልጅ አጎትየው ያነሣው ነበር፤ እኔም የእሱ ልጅ እንደሆንኩ እቀር ነበር። እሱም ይህን ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ።

«ተቀብቷል» አለ። «በአርባ ቀኑ። የቄሱ ስም አለ፣ ማኅተሙም አለ።»

አባ ሚሼል ግንባራቸውን መቱ። በግዕዙ ሥርዓት የሚጠመቅ ሕፃን ሜሮኑንም አብሮ እንደሚቀባ በትምህርት ቤት ተምረውት ነበር፤ «ግን እርስዎ የድሬዳዋ ሰው ነኝ አሉኝ!» አሉ። ሜሮን ደግሞ ሁለት ጊዜ አይቀቡትም። እናም ገባኝ፦ ከሃምሳ ዓመት በላይ የደበቅኩት ጉድ ጉድ አልነበረም። ተቀብቻለሁ ብዬ ስዋሽ እውነት ተናግሬ ነበር፤ አልተቀባሁም ብዬ ስናዘዝ ነው የዋሸሁት!

«አባ» አልኩ፣ «ታዲያ ለዚያ ውሸት የደገምኩት መቁጠሪያስ?»

«የድሬ ልጅ ነኝ ላሉት ይሁን» አሉ።

ሙሴ አንቷን ግን አልሳቀም። ውጪ ቆሞ አገኘሁት፤ ሸሚዙን ከላይ ከላይ ይፈታል።

«አርባ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬያለሁ» አለኝ። «ስንት ልጅ ተጠመቀ። አንድም ሰው አንተ አንሣልኝ ብሎኝ አያውቅም። አንተ የመጀመሪያው ነበርክ።»

 ክንዱን ይዤ ወደ ማሴር ኦዲል ወሰድኩት። የግሬስ የክርስትና አባት ሊሆን የነበረው ወታደር በዚያው ሳምንት ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ልጅቷ ሰው ፍለጋ ላይ ነበረች። ግሬስ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አይታ «ያው የፓፒ አባት አይደለም እንዴ?» አለች፤ እሺም አለች። ጰራቅሊጦስ ዕለት አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ብታዩት! እውነተኛ ልጅ አገኘና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ዘወር ብሎም አያየኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ዮናስን አነሣሁ። አጎትየውም መጥቶ ነበር፤ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሙሉ ቅዳሴውን ተመለከተኝ። ውሃው ጭንቅላቱ ላይ ሲፈስ ሕፃኑ አላለቀሰም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጭንቅላቱን በመሐረቤ ሳደርቅለት «ተስፋዬ፣ እሺ ብዬህ ነበር» አልኩ በሆዴ።

ሳባ ቤት ምሳ ስንበላ ልቤ ሞቀና ፎከርኩ። «ማሴር፣ አምስት ወር ሙሉ በከንቱ አስተማሩኝ እኮ!»

«በከንቱ?» አሉ ማሴር ሹካቸውን አስቀምጠው። «ይህ ልጅ የተጠመቀው በላቲን ሥርዓት ነው። ሜሮን የሚቀባው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ዘወትር ዓርብ ይዘውት መጥተው፣ አብረውት ተቀምጠው የሚያስጠኑት እርስዎ ነዎት። ቃል የገቡት ዛሬ ጠዋት ነው።»

በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጣቴ አልበቃ አለኝ። ሰማንያን አልፌያለሁ ማለት ነው! ሐኪሜ፣ በኋላ ስነግረው፣ እስኪያስለው ሳቀ። አለምነሽ ሳቀች፣ ሳባ ሳቀች፣ አጎትየው እንኳ ሳቀ። ማሴር ግን አልሳቁም፤ እዚያው ምሳው ላይ ከቦርሳቸው እርሳስና የተማሪዎቹን መዝገብ አውጥተው ስሜን ጻፉ።